ሁሉም ያውቀዋል ተብሎ ያልተጻፈው

በተመራቂዎች ማኅበር ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ ስለ ምን እንደምናገር ደውለው ሲጠይቁኝ "ኤክስኤምኤል ስለሚባል ነገር" አልኳቸው። ስልኩ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ በትሕትና "ዶክተር፣ ስለ ሕፃናት ሕክምና ቢሆን አይሻልም?" ተባልኩ። "እሱም ስለ ሕፃናት ሕክምና ነው" ብዬ መለስኩ። እውነቴን ነው። ዛሬ የምነግራችሁ በተወለደ በአራተኛ ቀኑ ስለታመመ አንድ ሕፃን፣ ስለ አንድ ቁጥር፣ እና እኔ ራሴ "ምን ይጻፋል፣ ሁሉም ያውቀዋል" ብዬ ስላስቀረሁት አንድ መለኪያ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ወደ ድሮው ዋርዳችን ልመልሳችሁ። ኢንተርን ሳለን ጠዋት ራውንድ ላይ የሚያስጨንቁን አንድ መምህር ነበሩ። አንድ ቀን ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያደረ ጨቅላ ሕፃን ሳቀርብ "ፌኖባርቢታል በ2፡00 ሰዓት ተሰጥቷል" ብዬ ከካርዱ ላይ አነበብኩ። "የትኛው 2?" አሉኝ። "ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በፈረንጅ 2" አልኩ በድፍረት። መድኃኒቱን የሰጠችው ሲስተር ከኋላ ሆና "ኧረ ዶክተር፣ እኔ የጻፍኩት በእኛ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት" አለች። በእሷና በእኔ መካከል ስድስት ሰዓት ነበር። የሚቀጥለውን መድኃኒት ሰዓት ያሰላሁት ደግሞ እኔ ነበርኩ። መምህራችን አልተቆጡም። "ካርድ የሚጻፈው ለሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ለማያውቅ ሰው ነው" ብለው ወደሚቀጥለው አልጋ ሄዱ። እኔም በልቤ "ገብቶኛል" አልኩ። እንዳልገባኝ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ወደ ርዕሴ። ከእናንተ መካከል ፕሮግራም የምትጽፉ አላችሁ፤ እናንተ ትንሽ ታገሡኝ። ሌሎቻችሁም አትፍሩ፣ ነገር በምሳሌ ነው።

ሶፍትዌር ውስጥ አንድ የላቦራቶሪ ውጤት ኦብጀክት ተብሎ ይቀመጣል። ኦብጀክትን በውስጡ ብዙ ሳጥኖች እንዳሉት ቁም ሣጥን አድርጋችሁ አስቡት፤ አንዱ ሳጥን ውስጥ የምርመራው ስም፣ አንዱ ውስጥ ቁጥሩ፣ አንዱ ውስጥ መለኪያው፣ አንዱ ውስጥ ቀኑና ሰዓቱ አለ። ቁም ሣጥኑ ግን ከዚያ ኮምፒውተር መውጣት አይችልም። ወደ ሌላ ሆስፒታል ይላክ ከተባለ፣ በሳጥኖቹ ውስጥ ያለው ሁሉ ጽሑፍ ሆኖ መውጣት አለበት። እዚያም የሚቀበለው ኮምፒውተር ጽሑፉን አንብቦ የራሱን ቁም ሣጥን ይሞላል። ኤክስኤምኤል ለዚህ ከሚያገለግሉ የጽሑፍ መልኮች አንዱ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አለ። የትኛው ሳጥን በጽሑፉ ላይ የት ቦታ እንደሚወጣ የሚወስነውን ሥራ ፕሮግራመሮቹ ማፒንግ ይሉታል። እኛ በየቀኑ የምናደርገው ነው፤ በሽተኛውን አይተን የሪፈራል ወረቀት ስንሞላ ማፒንግ እየሠራን ነው።

በኤክስኤምኤል ጽሑፍ ላይ ዋናው መረጃ ይቀመጥና ከጎኑ ስለ መረጃው የሚናገሩ አጫጭር ምልክቶች ይታከላሉ። እነዚህ አትሪቢዩት ይባላሉ። "18" ዋናው መረጃ ቢሆን፣ "መለኪያው ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው" የሚለው አትሪቢዩቱ ነው። የጽሑፉ ሕግ ደግሞ ስኪማ በሚባል ሌላ ሰነድ ላይ ይሰፍራል። ስኪማው ስለ አንድ አትሪቢዩት "እሴቱ ቋሚ ነው" ብሎ ሊደነግግ ይችላል፤ በሙያው ቋንቋ ፊክስድ ይባላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው። ፊክስድ ማለት ሁለት ነገር ነው፤ ሰው ግን የሚያስታውሰው አንዱን ብቻ ነው። የመጀመሪያው፣ አትሪቢዩቱ ከተጻፈ ከተደነገገው እሴት ሌላ ሊሆን አይችልም የሚለው ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ጥብቅ ስለሚመስል ደስም ይላል። ሁለተኛው፣ አትሪቢዩቱ ግዴታ ነው ካልተባለ፣ ጭራሽ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። ስኪማውን በእጁ ይዞ የሚያነብ ኮምፒውተር የጎደለውን ከስኪማው ላይ ይሞላዋል። ስኪማውን ያልያዘ ግን የሚያየው ባዶ ነው። እንግዲህ አንድ ወረቀት፣ እንደ አንባቢው፣ ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራል ማለት ነው።

የድሮውን የታተመ ቅጽ አስታውሱ። "ሙቀት" ይልና ነጠብጣብ፣ ከነጠብጣቡ ቀጥሎ "ዲግሪ ሴንቲግሬድ" ተብሎ ታትሟል። እናንተ የምትሞሉት 38.5 ብቻ ነው። ወረቀቱ እስካለ ድረስ ችግር የለም። አንዱ ቁጥሩን ብቻ በስልክ ሲናገር ግን በቅጹ ላይ የታተመው አብሮ አይሄድም። ፊክስድ አትሪቢዩት እንደዚያ ኅትመት ነው።

ወደ ታሪኩ ልሂድ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ሆስፒታልና ሪፈር በምናደርግበት ሌላ ሆስፒታል መካከል የሪፈራል መረጃ በኮምፒውተር እንዲሄድ አንድ አነስተኛ ሥራ ተጀመረ። የሁለቱንም ስም አልጠራም፤ ታሪኩ የቦታ አይደለም። ከሕክምናው በኩል የተወከልኩት እኔ ነበርኩ። ሥራውን የያዘው ወጣት ፕሮግራመር ትጉህና ጠያቂ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ተመላላሽ ክፍል በር ላይ ሰልፉ ሳይቀንስ መጣና "ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ። የቢሊሩቢን መለኪያ ይለያያል እንዴ?" አለኝ።

"አይለያይም፤ እኛ ጋ ሁልጊዜ ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው።"

"እንግዲያው ቋሚ ላድርገው?"

"አድርገው። ምን ይጻፋል፣ ሁሉም ያውቀዋል።"

ሰላሳ ሴኮንድ አልፈጀም። ካርድ አንስቼ የሚቀጥለውን በሽተኛ ጠራሁ።

ሥራው ተጠናቀቀ፣ ተፈተነ፣ ተጨበጨበ። ከተጀመረ ብዙም ሳይቆይ አንድ ሕፃን ሪፈር አደረግን። በ36 ሳምንቱ የተወለደ፣ አራተኛ ቀኑ፣ ጡት መጥባት የቀነሰ፣ ቆዳው ቢጫ የሆነ። ጠቅላላ ቢሊሩቢኑ 18። የእኛ ፎቶቴራፒ መብራት ተበላሽቶ ስለነበር ቶሎ ይድረስ ብለን ላክነው። በእኛ ስክሪን ላይ "18 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር" የሚለው በግልጽ ይታያል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እናትየዋ ሕፃኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ሄደች።

የተቀባዩ ሆስፒታል ሶፍትዌር ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ ነበር። መለኪያ ያልተጻፈበት ቢሊሩቢን ሲመጣለት "ማይክሮ ሞል በሊትር" ብሎ ራሱ ይሞላል። ለሐኪሞቹ ማስላት አያስፈልገኝም፤ ለሌሎቻችሁ ግን ልናገር። ከሚሊ ግራም ወደ ማይክሮ ሞል ለመሄድ በ17.1 ይባዛል። የእኛ 18 በእነሱ መለኪያ 308 ገደማ መሆን ነበረበት። በስክሪናቸው ላይ ግን "18 ማይክሮ ሞል በሊትር" ሆኖ ወጣ። ይህ ወደ ሚሊ ግራም ሲመለስ 1 ብቻ ነው። ለአዋቂ እንኳ ጤናማ የሚባል ቁጥር! ቀይ ምልክት የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ዱቲ ላይ የነበረው ወጣት ሐኪም ስክሪኑን አየ፤ ከእሱ የባሱ ብዙ ሕፃናት ነበሩ፤ ይህ ይቆይ አለ።

ስህተቱ ቁጥሩን እንግዳ ቢያደርገው ኖሮ ሰው ይነቃ ነበር። 18 የነበረው 1800 ሆኖ ቢመጣ ማንም ይጠረጥራል። ይህኛው ግን አደገኛውን ቁጥር ደህና አስመስሎ አቀረበው።

ያዳነችው አንዲት ሲስተር ናት። ሕፃኑን ለመመዘን ስትፈታው መስኮቱ አጠገብ ነበረች። ደረቱን በጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች፤ እግሩን አየች። ከዚያ ወደ እኛ ዋርድ ደወለች። "ዶክተር፣ የላካችሁት ሕፃን እስከ ውስጥ እግሩ ቢጫ ነው። እዚህ ስክሪኑ ላይ ግን ቢሊሩቢኑ ደህና ነው ይላል። የማንን ውጤት ነው የላካችሁልን?"

ያን ጊዜ የተሰማኝን ለመናገር ቃል የለኝም። መጀመሪያ የሌላ ሰው ውጤት የላክን መስሎኝ ላቦራቶሪ ሮጥኩ። ውጤቱ የራሱ ነው። ቁጥሩም አልተለወጠም። 18 ሄዶ 18 ደርሷል። መልሼ ደወልኩና "መለኪያው ምን ይላል?" አልኩ። ስታነብልኝ ተቀመጥኩ። ሕፃኑ በዚያው ሰዓት ደም ተወስዶለት ወዲያው ፎቶቴራፒ ገባ፤ በአራተኛው ቀን ጡቱን እየጠባ ወጣ። የመስማት ምርመራውም ደህና ሆነ። ባይደወል ኖሮስ? ቢሊሩቢን አንጎል ውስጥ ከገባ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ለዚህ ጉባኤ ልነግር አልችልም፤ አብረን ነው ያየነው። አንገቱን ማቅናት ያልቻለውን፣ ድምፅ የማይሰማውን ልጅ ታውቁታላችሁ።

ሕፃኑ ቢተርፍም እንደ ሞርታሊቲ ኮንፈረንስ አድርገን ተቀመጥን። ስብሰባው ላይ ጣቱን ወደ ፕሮግራመሩ የጠቆመ ነበር። እሱ ራሱም አንገቱን ደፍቶ "የእኔ ጥፋት ነው" አለ። "አይደለም፤ አድርገው ያልኩህ እኔ ነኝ" አልኩና የተነጋገርነውን በሙሉ ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ ነው ሰው ሁሉ መከላከሉን ትቶ መመርመር የጀመረው። ያገኘነውን ልንገራችሁ፤ ቴክኒካል ቢመስልም እንደ ፓቶሎጂ ስሙት።

ፕሮግራሙ የተጻፈው በጃቫ ነው። ከስኪማው ላይ የጃቫ ኦብጀክቶችን በራሱ የሚያወጣ ጃክስቢ የሚባል መሣሪያ ተጠቅመዋል። መሣሪያው ፊክስድ አትሪቢዩት ሲያገኝ፣ የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው፣ እንዲህ ያደርጋል፦ ለመለኪያው ሳጥን ይሠራል፣ ሳጥኑን ግን ባዶ ይተወዋል። ከዚያ "መለኪያህ ምንድን ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን አይቶ "ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር" ብሎ ይመልሳል። የእኛ ስክሪን የሚጠይቀው በዚህ መንገድ ስለሆነ ሁልጊዜ ትክክለኛውን መልስ ያገኛል። ወደ ኤክስኤምኤል ሲጻፍ ግን ጥያቄ የለም፤ በቀጥታ ሳጥኑ ይከፈታል። ሳጥኑ ባዶ ነው፤ ስለዚህ ምንም አይጻፍም።

ከመላኩ በፊት ጽሑፉ በስኪማው ይመረመራል። ስኪማው ምን አለ? "ልክ ነው።" አትሪቢዩቱ ግዴታ ስላልሆነ መቅረቱ ጥፋት አይደለም። ተቀባዩ ደግሞ የእኛን ስኪማ ሳይጭን ጽሑፉን ብቻ ነው የሚያነበው፤ ስለዚህ ባየው ባዶ ቦታ የራሱን ልማድ አስገባ። ማንም ሕግ አልጣሰም። በየክፍሉ ብትሄዱ ሁሉም "በእኔ በኩል ደህና ነው" የሚላችሁ ዓይነት በሽታ ነው።

"ታዲያ ሲፈተን እንዴት አልታየም?" ትሉኝ ይሆናል። እኔም ጠይቄአለሁ። ፈተናው እንዲህ ነበር፦ ፕሮግራሙ ኦብጀክቱን ወደ ኤክስኤምኤል ይጽፋል፤ ያንኑ መልሶ ያነባል፤ የጻፈውና ያነበበው አንድ ከሆነ አልፏል። ሁልጊዜም አንድ ነው! የጻፈውም ያነበበውም ያንኑ የተደበቀ ነገር የሚያውቅ አንድ ፕሮግራም ነዋ። የራሳችንን እጅ ጽሑፍ ራሳችን አንብበን "ይነበባል" እንደማለት ነው። የሐኪም እጅ ጽሑፍ መነበብ አለመነበቡን የምታውቀው ፋርማሲ ያለችው ልጅ ናት።

መፍትሔው ሦስት ነገር ሆነ።

አንደኛው የሕክምና ጥያቄ ነው፦ ይህ ነገር በእርግጥ ቋሚ ነው ወይ? አይደለም። በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የማይለወጥ ነገር እንጂ በዓለም ላይ የማይለወጥ አልነበረም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማስረጃ አለኝ፤ አሜሪካ የምትሠሩት ቢሊሩቢንና ክሬአቲኒን በሚሊ ግራም ነው የምታስቡት፤ እንግሊዝና ስዊድን ያላችሁት በማይክሮ ሞል። ስለዚህ መለኪያውን ከፊክስድነት አውጥተን እንደ ማንኛውም መረጃ ግዴታ የሚሞላ አደረግነው፤ አጻጻፉም ዩከም በሚባለው ዓለም አቀፍ የመለኪያ ምልክቶች ሥርዓት እንዲሆን። ተቀባዩም መለኪያ የሌለው ውጤት ሲመጣ በራሱ እንዳይሞላ፣ "መለኪያ አልተላከም" ብሎ ለሰው እንዲያሳይ ተስማማ።

ሁለተኛው በእርግጥ ቋሚ ለሆኑት ነው፤ ለምሳሌ የሰነዱን ዓይነት የሚናገረው ምልክት። ለእነዚህ፣ ጃክስቢ ፊክስድ አትሪቢዩትን ባዶ ሳጥን በማድረግ ፈንታ ተዘግቶ የታሸገ ቋሚ እንዲያደርገው በአንድ መስመር ማዘዝ ይቻላል። ያኔ እሴቱ ሁልጊዜ ወደ ጽሑፉ ይወጣል። በስኪማውም ላይ "ቋሚም ነው፣ ግዴታም ነው" ማለት ይቻላል፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ከረሳን መርማሪው ይጮኻል።

ሦስተኛው ግን ሁለተኛው የሚያመጣው አዲስ ወጥመድ ነው። ታሽጎ የተዘጋ ሳጥን ሲጽፍ ደህና ነው፤ ሲያነብ ግን ደንቆሮ ነው። ከውጭ የመጣ ጽሑፍ ሌላ እሴት ይዞ ቢመጣ፣ የታሸገው ሳጥን አይቀበለውም፤ ተቃውሞም አያሰማም። የራሱን ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ከውጭ የሚገባ ሁሉ ወደ ኦብጀክት ከመለወጡ በፊት በር ላይ በስኪማ መመርመር አለበት። የሚወጣው መጻፉን፣ የሚገባው መመርመሩን ለየብቻ ማየት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ይህን ሁሉ ካለፍኩ በኋላ የጤና መረጃ ደረጃዎችን ለማንበብ ተነሣሁ። ኤችኤል7 የሚባለው ድርጅት ያወጣው፣ ሁለተኛው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀ፣ ሲዲኤ የሚባል የሕክምና ሰነድ ደረጃ አለ፤ እሱም በኤክስኤምኤል ነው። በውስጡ ብዙ ፊክስድ አትሪቢዩቶች አሉ። ሰነዱ በጠቅላላ "የሆነ ነገር መዝገብ ነው" የሚለው ምልክት ቋሚ ነው፤ ሳይጻፍም ሊቀር ይችላል። ስለ መድኃኒት የሚናገረው ክፍል ላይ ስትደርሱ ግን አሠራሩ ይለወጣል። "ይህ መድኃኒት ነው" የሚለው ምልክት ቋሚ ቢሆንም መጻፍ አለበት። "ተሰጥቷል ወይስ ይሰጥ ተብሎ ታዟል ወይስ ሊሰጥ ታስቧል" የሚለው ደግሞ ጨርሶ ቋሚ አይደለም፤ በየጊዜው ግዴታ መሞላት አለበት። ደስ አለኝ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አስቦበታል ማለት ነው። "ተሰጥቷል" እና "ይሰጥ" በእኛ ቋንቋ እንኳ የጥቂት ፊደል ልዩነት ናቸው፤ በዋርድ ግን በሁለት እጥፍ መድኃኒትና በምንም መካከል ያለ ልዩነት ናቸው።

ስለ ቀንም አንድ ነገር ልበል፤ ይህ በተለይ የእኛ ጣጣ ነው። በኤክስኤምኤል ስኪማ የቀን ዓይነት በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው የተሠራው። "በየትኛው ዘመን አቆጣጠር?" የሚል ቦታ የለውም፤ ምክንያቱም ለሠሪዎቹ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው። አንዱ የእኛን ቀን እንዳለ ቢያስገባ ምን ይሆናል? ጥቅምት 30 ላይ ሲስተሙ ይጮኻል፤ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውም ይላል። ጳጉሜን ላይም ይጮኻል፤ 13ኛ ወር አያውቅም። ሌላውን ጊዜ ግን አብዛኛውን ቀን ዝም ብሎ ይቀበላል፤ እድሜውም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይሳሳታል። ባለሙያው "ሲስተሙ ጳጉሜን ላይ ያስቸግራል" ብሎ ያማርራል። እኔ የምለው ግን፣ ሲስተሙ እውነቱን የተናገረው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ማጠቃለያዬ ትምህርት ሳይሆን ልመና ነው፤ ሦስት ልመና አለኝ።

ለመምህራኖቻችን፦ ተማሪዎች መለኪያ የሌለው ቁጥር ሲጽፉ ነጥብ ቀንሱ፤ ራውንድ ላይም ሲናገሩ አስቁሟቸው። ጨካኝ ይሏችኋል፤ እኛም ብለናችኋል። በተጨማሪም አንድ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል የሚሄደውን ጥሬ ጽሑፍ፣ በስክሪን ተሸልሞ ሳይሆን እንዳለ፣ እንዲያነቡ አድርጉ። የታካሚው ስምና መለያ ወጥቶለት፣ አንድ ገጽ ይበቃል። "እዚህ ላይ ያልተጻፈው ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቋቸው።

ለእኛ ለሐኪሞቹ፦ ፕሮግራመር መጥቶ "አንድ ጥያቄ ብቻ" ሲል ወንበር ስጡት። ያ ጥያቄ ኮንሰልቴሽን ነው። "ይህ ቋሚ ነው ወይ?" ሲላችሁ ቶሎ አዎ አትበሉ። መልሳችሁ ጠይቁ፦ ቋሚው የት ነው፣ እኛ ጋ ብቻ ነው ወይስ በሁሉም ቦታ? የሚያነበው ማን ነው? ሳይጻፍ ቢቀር አንባቢው ምን ብሎ ይሞላዋል? ሰላሳ ሴኮንድ የፈጀብኝ መልስ አምስት ደቂቃ ይገባው ነበር።

በውጭ ላላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፦ ሌሊት በስልክ ስናስቸግራችሁ ምን ጊዜም እንደምትመልሱልን እናውቃለን፤ እግዜር ይስጥልን። "ክሬአቲኒኑ ስንት ነው?" ስትሉን ቁጥሩን ብቻ ብንነግራችሁ ግን አትቀበሉን። እናንተም ስትመልሱልን መለኪያውን ጨምሩ። ስለምንተዋወቅና ስለምንዋደድ እንተወዋለን፤ የሚጠፋውም በዚያው ነው።

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" ይሉ ነበር አባቶቻችን። እኔ የተማርኩት ከቃልም ከጽሑፍም ያልሆነ ሌላ ሦስተኛ ቦታ እንዳለ ነው፦ "ይታወቃል" ተብሎ የተተወ። እሱ አይረሳም፣ ምክንያቱም ማንም አልያዘውም፤ አይወረስምም።

ያ ወጣት ፕሮግራመር ዛሬም አብሮኝ ይሠራል። አሁን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ አንዳንዴ የምሳ ሰዓቴን ይበላብኛል፣ አላማርርም። የደወለችልንን ሲስተር ደግሞ ከሳምንት በኋላ ሄጄ አገኘኋት። ላመሰግናት ስጀምር "እኔ ምንም አላደረግኩም ዶክተር፣ ልጁን አየሁት እንጂ" አለችኝ። ከእናንተ ከመምህራኖቻችን የሰማነው የመጀመሪያ ትምህርት እሱ አልነበረም እንዴ?